በክቡ ውስጥ ያሉት ሁለት ቃላት

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የማዳበሪያ ሽታ፤ ዓይን የሚቆጠቁጥ። ይህ የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ድሮ መጋዘን እንደነበረ አውቃለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከዚያው በር ላይ ተሰልፈን ማዳበሪያ ወስደናል። ያኔ ውስጡን አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት። የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ፣ ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል መስኮት፣ ጥግ ላይ ሁለት ባዶ ጆንያ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን።

ፖሊሷ «ይግቡ፣ እማማ» አለችኝ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ለምን እንዳወለቅኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሰው ቤት ሲገባ ይወለቃል፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እዚያ ያደረሰኝ ቆሎ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ የደሴና የወልድያ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ጥግ ተቀምጬ ቆሎ እሸጣለሁ። ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት። ሚኒባስ ሰው አይጠብቅም፤ ስለዚህ ቀድሜ በወረቀት ጠቅልዬ አዘጋጃለሁ። ልኬ አንድ ጣሳ ነው፤ የቲማቲም ድልህ የነበረበት ትንሽ ጣሳ። ለሹፌርም፣ ለፖሊስም፣ ለቄስም፣ ለሼኽም ያው አንድ ጣሳ፣ በጣቴ የተስተካከለ። «ጨምሪ እንጂ» የሚለኝን «ላንተ የምጨምረውን ከማን ልቀንሰው?» እለዋለሁ። በዚህ የተቀየመኝ ብዙ ነው። ተመልሶ ያልመጣ ግን የለም።

ጊዜው የመጠራጠር ጊዜ ነበር። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ስልክ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ሬዲዮው «ወቅታዊ ሁኔታ» ይላል በቀን አሥር ጊዜ፤ ሁኔታው ምን እንደሆነ ግን አይነግረንም። የማላውቀው ሰው ሁለቴ ካየኝ እኔም ሁለቴ አየዋለሁ። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ስለ በሬም ቢሆን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሲቪል የለበሰ ሰው አንድ ጥቅል ገዛኝ። እዚያው ቆሞ በላ። እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላ። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋና አነበበው። ገለበጠና ደግሞ አነበበው። ስልኩን አውጥቶ ፈቀቅ አለ። ሲመለስ «እማማ፣ ዘንቢልዎን ይዘው ይነሡ» አለኝ።

«ምን አጠፋሁ? ጠጠር አገኘህበት?»

«ጠጠር በሆነና በተገላገልን» አለኝ።

ጣቢያ የጠበቀኝ መርማሪ ልጅ ነው፤ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳል። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ወረቀት ደርድሯል። አንዱ ሰውየው የበላበት ነው፤ አምስቱን ከዘንቢሌ አውጥተው፣ ቆሎውን በፌስታል ገልብጠው፣ ወረቀቱን በመዳፋቸው አቃንተውታል። የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፤ የስድስቱም ፈተና አንድ ነው። በእያንዳንዱ መሃል ቀላ ያለ ክብ አለ። የሁሉም በአንድ ቦታ። የሁሉም በአንድ ስፋት። እኔም ሳየው ደነገጥኩ። ክብ ስለመኖሩ አስቤ አላውቅም።

«እንግሊዝኛ ያነባሉ?»

«አማርኛውንም በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም መነጽር ሲኖር።»

ጣቱን ክቡ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ላይ የተጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው። ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያ 'ሁኔታ በቅርቡ ይለወጣል' ይላል። ለባዶው ቦታ የሚመረጡ አራት ቃላት ከሥሩ አሉ። አራቱም ስለ አሁን ጊዜ ናቸው። ሁለቱ ተከበዋል። በስድስቱም ወረቀት ላይ እነዚያው ሁለቱ። በቀይ። ማን ነው የከበባቸው? የሚለወጠውስ ምንድን ነው? መቼ?»

«መለወጥ ብችል ጉልበቴን ነበር የምለውጠው» አልኩት።

አልሳቀም። «ወረቀቱን ማን ሰጠዎት?»

መልሱን አውቀዋለሁ። የሰጠኝ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። ሽማግሌ ነው። ያለፈ ፈተና አቃጥል ሲሉት ከእሳት ያስቀርና ለኔ ያቆይልኛል። ስሙን ብጠራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ደረቱን ያመዋል፣ ያን ሽታ አይችለውም። አላውቅም ብል ደግሞ ሐሰት ነው። ወላሂ በይ ቢለኝ ምን ልል ነው?

«አልናገርም» አልኩት።

«አላውቅም ነው ያሉኝ አልናገርም?»

«አልናገርም።»

ይህንን ጻፈው። ሲጽፍ አየሁት።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ብዙ አልቆየሁም። ምሳ ሳይደርስ በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ሴት አስገቡ። ከእግሯ ጀምሬ አየኋት። ጫማዋ አቧራ የለውም፤ በመኪና የመጣ ሰው ጫማ ነው። ፎጣ አልያዘችም፣ ፌስታል አልያዘችም። ዓይኗ ደረቅ ነው። የታሰረች ሴት እንዲህ ትመጣለች? ሰላም ብላኝ ከኔ ራቅ ብላ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ከውጭ የሚኒባስ ረዳቶች ጥሪ ይሰማል፤ «ደሴ፣ ደሴ፣ የሞላ!» ይላሉ፣ ሳይሞላ።

«እማማ፣ እርስዎን ምን ብለው አመጡዎት?»

«ቆሎ።»

«ቆሎ?»

«ቆሎ።»

ከዚያ «ወረቀቱን ማን ሰጠዎት?» አለችኝ።

ስለ ወረቀት ምንም አልነገርኳትም። ከአፌ የወጣው ቆሎ ብቻ ነው።

«ስለ ወረቀት ማን ነገረሽ?»

«እኔንም የጠየቁኝ ስለ ወረቀት ነው።»

«የጠየቁሽን አንቺ እኔን ትጠይቂኛለሽ? ሥራ ተከፋፈላችሁ?»

አንገቷን ደፋች። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ወሬ እንድታወጣጣኝ የተላከች ጆሮ ናት ብዬ ጨረስኩ። አሮጊት ሴት ለወጣት ሴት ትናገራለች ብለው ነው አልኩ። ያሰቡት ትክክል ነው፤ እናገር ነበር። ለዚያ ነው አፌን የያዝኩት።

ልጄ ምሳ ላከችልኝ። ሽሮ ነው። ሽሮ ስለሆነ የእስላም የክርስቲያን የሚባል ነገር የለበትም፤ ከማንም ጋር ይበላል። ብጠረጥራትም ሳላካፍላት መብላት አልችልም። በኛ ቤት ሥርዓት አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይመርጣል። የከፈለ ቀድሞ አያነሣም። ሰባት ልጅ ያሳደግኩት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ቢላዋ የያዘ እጅ ከዚህ ወዲያ መቆጣጠሪያ የለውም። እንጀራውን ለሁለት ስከፍል እጄ ሳተና አንዱ ወገን ተለቀ።

«ምረጪ» አልኳት።

ትንሹን አነሣች።

ይሄ የባሰ አስጠረጠረኝ። ትንሹን የሚመርጥ የጠገበ ሰው ነው። እነሱ ዘንድ በልታ ነው የመጣችው አልኩ።

«ለምን ትንሹን?»

«ትልቅ ሰው ነዎት ብዬ ነው።»

«የተካፈልነው ምሳ ነው፤ ዕድሜ አይደለም።»

ሳቅ አመለጣት። ከዚያ እንጀራዋን እንደያዘች፣ ሳትጎርስ፣ «የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ» አለችኝ። «ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ክቡን ግን አላውቀውም። ከክፍል ጠርተው አመጡኝ። እስከ ነገ ካልተናገርሽ ደሴ ትሄጃለሽ ብለውኛል። ደሴ ከሄድኩ መቼ እንደምመለስ ማንም አያውቅም፤ እናቴ ደግሞ የምትኖረው በኔ ደመወዝ ነው።»

እንባ አልነበረባትም። እኔም አላመንኳትም። ይልቅ ልፈትናት አሰብኩ። አስተማሪ ካልሆነች እንግሊዝኛው ቶሎ ያልቅባታል።

«አስተማሪ ከሆንሽ አስተምሪኝ። አራቱ ቃላት ምንድን ናቸው?»

«ፕረዘንት፣ ከረንት፣ ሞደርን፣ ኮንቴምፖራሪ።»

«ሁሉም ምን ማለት ናቸው?»

«ሁሉም ስለ አሁን ናቸው።»

«ለአንድ አሁን አራት ቃል? ፈረንጅ ሥራ የለውም።»

«እኛስ? ያሁን፣ የዛሬ፣ የሰሞኑ፣ የዘመኑ እንል የለ?»

ቀጠለች። ስታስተምር ድምጿ ተለወጠ፤ እጇም አብሮ ይናገር ጀመር። ፕረዘንት አሁን እዚህ ያለ ነው አለችኝ። ከረንትም አሁን ያለ ነው፤ ግን እየሄደ ያለ፣ ነገ ሌላ ሊሆን የሚችል፣ እንደ ገበያ ዋጋ። ሞደርን የድሮውን ትቶ አዲሱን የያዘ ነው። ኮንቴምፖራሪ በአንድ ዘመን አብረው የሚገኙ ናቸው።

«እኔና ያ መርማሪ በአንድ ዘመን ነን። ኮንቴምፖራሪ ነን ማለት ነው?»

«ይባላል።»

«አይ ያለመታደል!»

እንደገና ሳቀች። እኔ ግን ጥያቄዬን አልጨረስኩም። «መልሱ የትኛው ነው?»

አመነታች። «ችግሩ እሱ ነው። መልሱ ከረንት ብዬ ነበር። ተማሪዎቹ ፕረዘንትም ይሆናል አሉኝ። መጽሐፍ ገልጬ ባየው እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሁለቱም ያስኬዳሉ።»

ተቆጣሁ። እስር ቤት መሆኔን ረሳሁት። «ሁለቱም የሚያስኬድ ከሆነ አንዱን ምረጡ ብለሽ ልጆቹን ለምን ታስጨንቂያለሽ? አንዱ ልክ መልሶ ሊወድቅብሽ ነው?»

«ልክ ነዎት። አላወቅኩም ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ሁለቱንም ልክ አልኩ። ያረምኩትን ሁሉ ሰብስቤ እንደገና አረምኩ። ሦስት ክፍል ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

ዞር ብዬ በደንብ አየኋት። አስተማሪ ተሳስቻለሁ ብሎ የሦስት ክፍል ወረቀት እንደገና ሲያርም ሰምቼ አላውቅም። ይህንን ሰላይ አይፈጥረውም፤ ሰላይ ቢፈጥር ሌላ ነገር ነው የሚፈጥረው። ጥርጣሬዬ ግን ወዲያው አልለቀቀኝም። ተቀነሰ እንጂ አልሄደም።

«ክቡ ምን ያህላል? እኔ ያለ መነጽር ነው ያየሁት።»

በጣቷ ወለሉ አቧራ ላይ ክብ ሠራች። «ይህን ያህል። ፕረዘንትንና ከረንትን አቅፎ፣ ሌሎቹን ሁለቱን ውጭ ትቶ። በቀይ እስክሪብቶሽ ነው ይሉኛል።»

እጄን ክቡ ላይ አሳረፍኩ። ጣቶቼ በራሳቸው ዙሪያውን ያዙት፤ አልተረፋቸውም፣ አልጎደላቸውም። ያ ስፋት ዕድሜ ልኬን የጨበጥኩት ስፋት ነው።

ጣሳዬ ነው።

ቆሎ ስለካ ወረቀቱን ዘርግቼ ጣሳውን መሃሉ ላይ አቆማለሁ። ከጣሳው ጠርዝ የሚፈሰው ወረቀቱ ላይ እንዲቀር ነው፤ የፈሰሰውም የገዢው ነው። የመንገዱ አቧራ ስለሚያስቸግር ጣሳውን በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። የሥሩ ጠርዝ ዝጓል። የዛገ ነገር ሲርስ ቀይ ይለቃል። ወረቀቱ ሁሉ የአንድ ፈተና ነው፤ መሃሉ ሁልጊዜ ያው ጥያቄ ነው። ያ ሁሉ ክብ የኔ ነው። ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ያመጣሁት ሥርዓት ሰው አሳሰረ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ምናልባት ብሳሳትስ? ከተናገርኩ በኋላ ጣሳው ከዘንቢሌ ቢጠፋስ? ተነሥቼ በሩን በመዳፌ መታሁት።

«መርማሪውን ጥሪልኝ። የምናገረው አለኝ።»

ስዞር የልጅቷ ፊት አመድ መስሏል። የምታየኝን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ጠዋት እኔ እሷን ያየሁበት ነው። ለካ እሷም ስትጠረጥረኝ ነው የዋለችው። ቆሎ ሻጭ አሮጊት ማን ያስራል ብላ።

መርማሪው ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። የአሻራ ቀለሙንም ከፍቶ አስቀምጦታል። «ጥሩ አደረጉ። ይኸው፤ አሻራዎን አሳርፈው ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«ፊደል አለኝ። መጀመሪያ ላንብበው። መነጽሬ ዘንቢሌ ውስጥ ነው፤ ዘንቢሌን አስመጣልኝ።»

ፖሊሷ አመጣችው። መነጽሬን አደረግኩና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። መርማሪው መታገሥ አልቻለም፤ እኔም አልቸኮልኩም። ሦስተኛው መስመር ላይ «ወረቀቱን መምህርቷ ሰጥታኝ ለመንገደኛ እንዳድል ነግራኛለች» ይላል።

«ይህን ማን አለ?»

«እርስዎ ሊሉ የነበረው ነው ብለን ነው።»

«ያላልኩትን አልኩ ብዬ አልፈርምም። ነጭ ወረቀት ስጠኝና ልጅቷንም ጥራት። የማሳይህን እሷም ትይ።»

ለምን እሺ እንዳለኝ አላውቅም። ምናልባት ደክሞት ነበር። ልጅቷ መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች፤ እኔን አታይም። ጨርቄን ፖሊሷ ከጀሪካን አራሰችልኝ። ጣሳውን ወለወልኩ፣ ነጩን ወረቀት ዘረጋሁ፣ ጣሳውን መሃሉ ላይ አቆምኩ። ከፌስታሉ ቆሎ ሞላሁ፣ በጣቴ አስተካከልኩ። ከዚያ ጣሳውን አነሣሁት።

ቀይ ክብ።

መርማሪው ወረቀቱን ወሰደ። ከፈተናው ወረቀት ጋር ደርቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ክብ በክብ ላይ ገጠመ። በአንደኛው ሞከረ፣ በሁለተኛው ሞከረ። ስድስቱንም ሞከረ። እኔ ጣሳ ሙሉ ቆሎ እንደያዝኩ ነኝ።

የተለካ ቆሎ ወደ ፌስታል አይመለስም። እጁን ያዝኩና መዳፉ ላይ ገለበጥኩለት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ማስረጃ ነው። ማስረጃ አይበላም።»

«የናንተው ሰው በልቶት አይደል ያመጣኝ?»

ፖሊሷ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ለሷም አንድ ጣሳ ለካሁ፣ አስተካክዬ። ለልጅቷ አንድ። ለራሴ አንድ። የማንም ከማንም አልበለጠም። መርማሪው ቆሎውን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንዲት ፍሬ ወደ አፉ ጣለ።

«እሺ» አለ። «የክቡ ነገር አለቀ። እሷ ትሂድ። ግን ወረቀቱን የሰጠዎት ሰው አለ።»

«አለ።»

«ማን ነው?»

«አልናገርም። አሮጌ ወረቀት ከእሳት ያዳነ ሰው ምን በደለ?»

«ካልተናገሩ አልለቅዎትም።»

«እሷ ትሄዳለች ብለሃል። አፍህ ነው ያለው።»

«አልኩ፤ ትሄዳለች።»

«እንግዲያው ጨርሰናል» አልኩት።

መዝገቡን ከፍቶ ስሜን ጻፈ። የታሰርኩበትን ምክንያት ምን ብለህ ጻፍክ አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በወቅታዊ ሁኔታ» አለኝ።

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «ይሄ ፕረዘንት ነው ከረንት?»

አሁን ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ከረንት ይሻላል፣ እማማ።»

«ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለ መርማሪው።

«ትምህርት ነው» አልኩት።

ሁለት ቀን ቆየሁ። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ፖሊሷ ሁለት ሳህን ይዛ ገባች። «ያቺ አስተማሪ ናት ያመጣችው። አንዱን እማማ ይምረጡ፣ የቀረውን እዚህ ደጅ ላይ ተቀምጬ እበላለሁ ብላለች» አለችኝ። ክዳናቸውን ከፍታ አሳየችኝ። አንዱ ሳህን ጥቂት ይበልጣል። እጇ ስቶ ይሁን ሆን ብላ እንጃ።

ትንሹን አነሣሁ።

ሁለቱ ቀን ሲሞላ ሽማግሌዎች ገቡበትና ለቀቁኝ። ዘንቢሌን መለሱልኝ፣ ጣሳውን ግን አስቀሩት። አዲስ ጣሳ አበጀሁ። ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ስላልቻልኩ ልኩ ተዛብቶ ይሆን የሚል ሐሳብ ሰሞኑን ሁሉ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ዘበኛው ዛሬም በጥግ ተቀምጦ የትምህርት ቤቱን በር ይጠብቃል። ምንም አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ልጅቷ ስታልፍ ትገዛኛለች። ስለዚያ ቀን አናነሣም። «እንዴት ነው ሁኔታው?» እላታለሁ፤ «ያው ከረንት ነው» ትለኛለች፤ እንለያያለን።

አንድ ነገር ግን ወስደውብኛል። ድሮ ወረቀቱን ሳላይ እጠቀልል ነበር። አሁን መነጽሬን አድርጌ እያንዳንዱን አገላብጣለሁ። የማልችለውን እንግሊዝኛ ሳይቀር አየዋለሁ፣ የሚያስጠይቅ ፊደል በመልኩ የሚታወቅ ይመስል።

ባለፈው ያ መርማሪ ሲቪል ለብሶ መጣ። አንድ ጥቅል አለኝ። አንድ ጣሳ ለካሁለት፣ በጣቴ አስተካከልኩ፣ እንደ ማንም። ከመብላቱ በፊት ቆሎውን መዳፉ ላይ አፈሰሰና ወረቀቱን ዘረጋ። አነበበው። ገልብጦም አነበበው።

እኔም ከመጠቅለሌ በፊት አንብቤው ነበር።